በሙቀት መለኪያ ላይ የተጨመረ ምርቃት

ረሻድ ቀለም ቀቢው በሕይወቱ የጎደለ ነገር ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ጋራዡ አቃቂ በሰቃ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ጋራዥ ስንል እንግዲህ ሁለት የብሎኬት ግንብ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ኮምፕሬሰር ማለታችን ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ቢከፍተውም አይሰማውምና። ረሻድ ከስልጤ የመጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። የባቡር ፉርጎ ሲቀቡ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ሙያውን አስተማሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያሳምር ኖሯል። የራሱ መኪና ግን የለውም። ቢኖረው ቀብቶ ሳይጨርሰው ይሞት ነበር ትላለች ሚስቱ ሰዓዳ።

ሰዓዳ ከጋራዡ ፊት ለፊት እህልና ቅመም ትሸጣለች። አንድ ኪሎ ምስር መዝና ስታበቃ በእፍኟ ዘግና ትጨምራለች፤ ምርቃት ነው። ሸማቹም ይጠብቀዋል። ያልመረቀለት ነጋዴ ደጅ ሁለተኛ አይደርስም። ረሻድ ይህን የእህል ቤት ደንብ ወደ ቀለም አሻገረው። በር ለማስቀባት የመጣ ሰው መኪናውን ሲረከብ ቸርኬውም ታድሶ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ የሚኒባስ ባለቤት የኋላ መከላከያውን ሊያስቀባ መኪናውን ትቶለት ሄደ። ረሻድ ታርጋው ላይ የደበዘዙትን ቁጥሮች አየ። በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ አደመቃቸው። ሰውየው ቃሊቲ መናኸሪያ ሳይደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመውና ታርጋው ፎርጅድ አለመሆኑን ሲያስረዳ ግማሽ ቀን ዋለ። ረሻድ ይህን ሲሰማ ምንም አልደነገጠም። «ቆንጆ ሆኖ ነዋ የተጠራጠሩት» አለ።

ሌላም ደንብ ነበረው፤ ምርቃቱን አይናገርም። የተናገረ እንደሆነ ውለታ ማስቆጠር ይሆንበታል። ሰውየው ራሱ አይቶ ደስ ይበለው፣ ካላየውም መኪናው ያውቀዋል ባይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ ሥራ ስታሠሩት ግን ዓይናችሁን ከላዩ ባትነቅሉ ይሻላችኋል።

በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሐዲድ መንገዱ ተቆፍሮ ቃሊቲ ሙሉ አቧራ በለበሰበት ወቅት፣ ሮዳስ የምትባል ወጣት ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምህንድስና ታጠናለች። ከቦርሳዋ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ፣ ከሳል ሽሮፕ ጠርሙስ የማይበልጥ ነገር አወጣች።

«ጋሽ ረሻድ፣ በዚህ አካባቢ እንደ እርስዎ ያለ እጅ የለም ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ማነው ያለሽ?»

«ታርጋው የተያዘበት ሰውዬ።»

ረሻድ በኩራት በርጩማ አቀረበላት። እሷም አስረዳችው። ቃሊቲ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለአስፋልት ሥራ ጠጠር የሚያደርቅ ትልቅ ማቃጠያ እየሠራ ነው። ነዳጁ ከታመቀ አየር ጋር ሆኖ ይነድዳል፤ ነበልባሉም በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ጥይት ይፈተለካል። እንዲህ የሚሮጥ እሳት የሚያልፍበትን ግድግዳ ይበላል። ለዚህ ነው ግድግዳው ድርብ ሆኖ በመሐሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት። እሷ ደግሞ የመመረቂያ ጥናቷ ግድግዳው በየቦታው ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠጣ መለካት ነው፤ የምትለካውም በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ባለው ቀለም ነው።

«ሰማያዊ መብራት ሲበራበት ቀይ ያበራል። ሲሞቅ ደግሞ ብርሃኑ ይደክማል። በካሜራ እያነሳን ምን ያህል እንደደከመና በምን ፍጥነት እንደደከመ ስናይ፣ ሙቀቱን በስሌት እናገኘዋለን።»

ረሻድ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ አየው። «ሲሞቅ የሚደክም ቀለም?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ተሸውደሻል። መልሺላቸው።»

ሮዳስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛው ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ከነከነው። ቀለሙ አንድ እጅ ብቻ፣ ከፀጉር ውፍረት ሲሶ ሳያልፍ ነው የሚረጨው አለችው፤ ሁለት ጊዜ ደጋግማ «እባክዎ እንዳይወፍር» አለችው። ረሻድ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ «እንዳይሳሳ» የሚል ደንበኛ እንጂ «እንዳይወፍር» የሚል ገጥሞት አያውቅም። ጠርሙሷን አየ፣ ካልሲውን አየ፣ የተበላ ጫማዋን አየ። ምስኪን፣ ቀለም አጥሯት ነው ብሎ ደመደመ።

በሳምንቱ ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቀደ በዚያው ሰሞን ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ ሠልጥኖ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑ ውስጥ ስም ያልተለጠፈበት ነገር አልነበረም፤ መጥረጊያው በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ «መጥረጊያ»፣ በሩ ላይ «በር» ተጽፏል። ከማቃጠያው አጠገብ ደግሞ ወንድዬ የሚባል ሰፊ ደረት ያለው፣ ወሬ የማያበዛ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ነዳጁን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ይዞ ከግድግዳው ክንድ በማይሞላ ርቀት መቆም ነው። እሱ ላይ ብቻ ነበር ስም ያልተለጠፈበት።

ረሻድ ግድግዳው ላይ የሚገጠመውንና ሙቀቱ የሚለካበትን ሰሌዳ ተረከበ። በነጭ ቀባው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ከዚያም ትንፋሹን ይዞ ያችን ውድ ቀለም አንድ እጅ ረጨበት። ሮዳስ በመለኪያዋ ቦታ ቦታውን ነካ ነካ እያደረገች ለካችው። ዓይኗን ማመን አቃታት። ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው።

«ጋሽ ረሻድ፣ ውጭ አገር በማሽን ሲረጩት እንኳ እንዲህ አይወጣላቸውም» አለችና ካሜራውን ልታመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄደች።

በዚያ ሰሞን ከቃሊቲ አራት ኪሎ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ረሻድ ከሰሌዳው ጋር ብቻውን ቀረ። ሰሌዳው አያብረቀርቅም። እንደ ታመመ ሰው ፊት ደብዝዞ ተቀምጧል። ረሻድ ወጣ ብሎ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ አየው፤ ያው ነው። ከእጁ እንዲህ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዚያውም «ውጭ አገር እንኳ» ላለችው ልጅ። ቀለም ቢያጥራት እሱ ጋ ምን ጠፍቶ። ከሻንጣው የራሱን ክሊር አወጣና፣ መኪና የሚያብረቀርቅበትን ያንን ጥርት ያለ ቫርኒሽ፣ ሁለት እጅ ለበስ አደረገለት። ሮዳስ አመሻሽ ላይ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፋ ስትገባ ሰሌዳው መስታወት መስሎ ጠበቃት።

«እንዴት አምሮ ደረቀ» አለች።

ረሻድ በደንቡ መሠረት ምንም አልተናገረም።

ሙከራው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሆነ። ክፍሉ መጨለም ስለነበረበት መስኮቶቹ በአምናው ስብሰባ ባነሮች ተሸፈኑ። ሰማያዊው መብራት ሲበራ ሰሌዳው እንደ ፍም ቀላ፤ ረሻድ እንኳ ተገረመ። ቀለሙ ከዚያ በላይ እሳት ስለማይችል ነበልባሉ በሰሌዳው ላይ የሚያልፈው ለሦስት አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ሮዳስ ወደ ኋላ ቆጠረች፣ ወንድዬ ቫልቩን ከፈተ፣ ረሻድ በዚያች ቅጽበት አስነጠሰው። ዓይኑን ሲገልጥ ሰዎቹ መብራት እያበሩ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ማስነጠስ አመለጠው።

የተለካው ሙቀት ከመማሪያ መጽሐፉ ስሌት ሲሶ ብቻ ሆኖ ወጣ። ግድግዳው እሳት የነካው አይመስልም። ሮዳስ ግራ ገባት፤ አቶ ፈቀደ ግን ተነስቶ አጨበጨበ። ሐሳቡ ወዲያው አፋር ደረሰ። በረሃ ላይ መንገድ የሚሠራ ሰው ለማቃጠያ ማቀዝቀዣ የሚሆን ውሃ ከየት ያመጣል? ግድግዳው ይህን ያህል ካልሞቀ ደግሞ ውሃው ለምን ያስፈልጋል? በዚያው ቀን የውሃ ቱቦዎቹ እንዲነቀሉ፣ ለቅዳሜ እንግዶች እንዲጠሩ፣ «ያለ ውሃ የሚሠራ ማቃጠያ» የሚል ባነር እንዲጻፍ አዘዘ። ማቃጠያው በእንግዶቹ ፊት አሥር ደቂቃ ሙሉ ሊነድድ ነው። ሮዳስ «ቁጥሩን እስካረጋግጥ አንድ ሳምንት ስጡኝ» ብትለው፣ «ቁጥሩ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አላት። ይህ ሰው ማጨብጨብ ከጀመረ ማቆም አይሆንለትም።

ሮዳስ ሦስት ቀን ስሌቷን አገላበጠች። ካሜራውን ፈተሸች፣ መብራቱን ፈተሸች፣ ስህተት አጣች። ዓርብ ከሰዓት ረሻድ ጋራዥ መጣች። ከካሜራው የወጣውን ምስል በትልቁ አሳትማ፣ ከሥሩ «ለቀለም ባለሙያው ለአቶ ረሻድ ከልብ አመሰግናለሁ» ብላ ጽፋበታለች። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም። መጽሐፉ የሚለውና እኔ የለካሁት አልገናኝ አሉኝ። ምናልባት ትምህርቱ ለእኔ አይደለም ይሆናል።»

ረሻድ ምስሉን ያዘ። ስሙ በሕትመት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ደስታው አፉን አስከፈተውና እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቃት፣ «እና ይሄ ቀለም ሙቀቱን እንዴት ነው የሚያውቀው?»

«እሳቱ በቀጥታ ይነካዋላ። ለዚህ እኮ ነው ሲበዛ የሳሳ ይሁን ያልኩዎት። በመሐል ነገር ካለ ሙቀቱ ቀለሙ ጋ ሳይደርስ እሳቱ ይጠፋል።»

«ከላይ... ለምሳሌ አንድ ነገር ቢኖርበት?»

«ከላይ ምንም የለበትም እኮ፣ ጋሽ ረሻድ።»

ረሻድ የተከፈተ አፉን ዘጋ። ልናገር ባለ ቁጥር ዓይኑ ስሙ ላይ ያርፋል፤ ስሙን ሲያይ ሮዳስ ታክሲዋ መጥቶ ሄደች። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር።

ሰዓዳ ሱቋን እየዘጋች ሳለ አጠገቧ ቆሞ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገራት። እሷ ሚዛኗን እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ስኳር ለገዛ ሰው በርበሬ መርቀህለት ነዋ» አለችው።

«ክፋት አስቤ እኮ አይደለም።»

«ስኳሩን ሻይ ውስጥ የሚጨምረው ሰው ያንተን ሐሳብ አይጠጣም። ነገ በዚያ ግድግዳ አጠገብ የሚቆመው ማነው?»

የወንድዬ ሰፊ ደረት በረሻድ ዓይን ላይ ድቅን አለ። ወዲያው ሮዳስ ጋ ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ተባለ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ያችው ሴት በዚያው ትሕትና መለሰችለት። አቶ ፈቀደ ጋም ሞከረ፤ እዚያም ያገኘው እሷኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የያዘው ሚኒባስ ከሐዲዱ ቁፋሮ አጠገብ ተገተረ። ረሻድ ወረደና የሃምሳ ሁለት ዓመት ጉልበቱን ይዞ በአቧራው ውስጥ መሮጥ ጀመረ። ወርክሾፑ ሲደርስ ነጭ ሸሚዙ ቡናማ ሆኗል። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ፣ ወንድዬ አዲስ ጓንት አጥልቆ ከግድግዳው አጠገብ ቆሟል። አቶ ፈቀደ ማይክሮፎን ይዞ ንግግሩን እያገባደደ ነበር። ረሻድን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እነሆ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ለሳይንስ የበቁ የአካባቢያችን ሞዴል ባለሙያ፣ አቶ ረሻድ» አለና ማይክሮፎኑን አስጨበጠው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ረሻድ ትንፋሹ እስኪመለስ ማይክሮፎኑ ውስጥ አለከለከ፤ ድምፅ ማጉያው ማለክለኩን ለመላው ቃሊቲ አሰማ።

«ጌቶቼ፣ እኔ ያን ሰሌዳ ክሊር ቀብቼዋለሁ» አለ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«አታጨብጭቡ፣ ጥፋት ነው። አንድ እጅ ብቻ አለችኝ። እኔ ግን ደብዝዞ ሳየው አላስችል አለኝ፣ በላዩ ሁለት እጅ ክሊር ረጨሁበት። ለእሷም አልነገርኳትም። ለካ እሳቱ ሳይነካው ነው እንዲያ አምሮ የቀረው። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሮዳስ ከኮምፒዩተሯ ኋላ ተነሳች፣ ቆየችና መልሳ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ረሻድ አስለቀስኳት ብሎ ሊሞት ደረሰ፤ ቀና ስትል ግን እየሳቀች ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ።»

አቶ ፈቀደ ማይክሮፎኑን መልሶ ቀማ። «ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ አቶ ረሻድ» አለ ለእንግዶቹ። «ክሊር ማለት እንደ ፌስታል የሳሳ ነገር ነው። እሳትን አያቆምም። ወንድዬ፣ ክፈት።»

«እሳቱ የቆየው እኮ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው» አለች ሮዳስ ከመቀመጫዋ። «ለዚያች ጊዜ ፌስታልም ይበቃል። አሥር ደቂቃ ግን ሌላ ነው።»

«ወንድዬ፣ ክፈት ብያለሁ።»

ወንድዬ ማቃጠያውን አየ። ረሻድን አየ። ከዚያ የቀኝ ጓንቱን አወለቀ፣ የግራውንም አወለቀ፣ ሁለቱን አጣጥፎ «ጓንት» የሚል በተለጠፈበት መደርደሪያ ላይ በሥርዓት አስቀመጠና ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። የበላይ አካላቱ የቀረውን ውሃቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ረሻድ ሁለተኛውን ሰሌዳ የቀባው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን የከበደው ሥራ የለም። አንድ እጅ ረጨና መርጫውን አስቀመጠ። ሰሌዳው ደብዝዞ እያየው ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ክሊሩን ሰዓዳ ከሻንጣው አውጥታ ምስር ጆንያ ውስጥ ደብቃዋለች። በዚህኛው ሙከራ አላስነጠሰውም። ቁጥሩ ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ከመጽሐፉ ጋር ሊጨባበጥ ምንም አልቀረው። ሮዳስ ወረቀቱን ሳመችው፤ ሰኔ ላይ ጥናቷን ማቅረብ ትችላለች ማለት ነው።

አቶ ፈቀደ ግን ባነሩን አላወረደም። «ወረቀት ወረቀት ነው፤ ሰው ሳይቀርብ በተግባር እንየው» አለ። እልህ የያዘው ሰው ካላየ አያምንም። ሐሙስ ዕለት ግቢውን ባዶ አደረጉ፣ ቫልቩ ላይ አንዱ የሚከፍት ሌላው የሚዘጋ ሁለት ረጅም ገመድ አሰሩ፣ ሁሉም ከብሎኬት አጥር ኋላ ሆኑ። ገመዶቹን የያዘው ወንድዬ ነው።

ማቃጠያው ያለ ውሃ ጮኸ። አንደኛው ደቂቃ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ አቶ ፈቀደ ፈገግ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ደቂቃ ግድግዳው ላይ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጥብ ታየች። ሰፋች፣ ነጣች። አራተኛው ሳይሞላ ብረቱ እንደ ሊጥ ረገበና ተቀደደ፤ ክንድ ተኩል የሚሆን የነበልባል ምላስ ወደ ጎን ወጣ። የወጣው ቫልቩ ካለበት፣ የሰው ደረት ከሚደርስበት ቦታ ነው። ወንድዬ ሁለተኛውን ገመድ ጎትቶ ዘጋው።

 አቶ ፈቀደ ቀስ ብሎ ሄደና ባነሩን በራሱ እጅ መፍታት ጀመረ።

«ቅዳሜ ስንት ደቂቃ ነበር የታሰበው?» አለ ወንድዬ።

«አሥር» አለች ሮዳስ።

ወንድዬ ራሱን ነቀነቀ። ረሻድ እንዳልሰማ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ እንባው ግን ሳይፈቅድለት ወርዷል። እጁ የወንድዬን ቀኝ እጅጌ ጨምድዶ ይዟል። መቼ እንደያዘው ራሱም አያውቅም። ከግቢው ሲወጡም አለቀቀውም፣ መንገድ ሲሻገሩም አለቀቀውም። ከበሩ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ወንድዬም ሻዩን በግራ እጁ ጠጣ።